ወፍ የለም

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር
ልጄ መንገድ መሪ ቀጠረችልኝ፣ ለግማሽ ቀን፣ በአራት መቶ ብር፤
«ሐይቅ ሂጂ፣ ወፍ እዪ፣
ቀን ሙሉ ከሳሎን ግድግዳ ጋር ከምትውዪ።»

ገና ሳይነጋ ደሴ ላይ ሚኒባስ ያዝኩ፤
ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው!» ይላል፤
አንዱ ሰው እኔ ነኝ፤ ከኔ ኋላ ግን ሦስት ሰው ይጫናል፤
ጉልበቴን አቅፌ ጥጉ ላይ ተሸጎጥኩ።

ሉባባ ይመር ትባላለች የምትመራኝ፤
የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት፤
«ይበቃዎት ይሆናል» ብላ ቦት ጫማ ሰጠችኝ፤
ያባቷ ነው፤ እሱን ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ታንኳዪቱም የሷ ናት።

ፊላው መሀል ገባን። ጭቃው እግሬን ስቦ ሲለቀኝ
ላሮጊት እንዳዘነ ሰው ከንፈር መጠጠልኝ።
መነጽሩን አንገቴ ላይ አጠለቀችው፤ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ፤
የራሴን ሽፋሽፍት አየሁ።
አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤
ደንገሉ ብቻ ቀረ፣ ቆሞ፣ እንደ ዳቦ ወረፋ።
«ሳቢሳ! ከጉቶው በስተግራ!» የቱ ጉቶ?
እኔ ያየሁት ጭጋግ ነው፣ ውሃው ላይ ተኝቶ።
«አዩት?»
«ወፍ የለም» አልኳት።
መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ኋላ ሳቅ አፈናት፤
አፏን ብትይዘውም አመለጣት።
በሷ ሳቅ የዳሩ ዳክዬ ሁሉ ብድግ አለ፣ ሰማዩን ሞላው፤
እኔ ያን ጊዜ ቦቴን ነበር የማየው።

ልጅ ሳለሁ ስልክ ቤት ገባሁ፤
ማዞሪያው ፊት ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣
ወልዲያን ከኮምቦልቻ፣ ባቲን ከመርሳ አገናኘሁ፤
ፊት አላውቅም፤ ድምፅ ግን አውቃለሁ ለይቼ፦
የባቲው ነጋዴ ሲዋሽ መሀል ላይ ያስላል፤
የመርሳዋ ሴት «ደህና ነን» ስትል፣ «ነን» ውስጥ አንድ ሰው ይጎድላል።
አውቶማቲኩ ሲመጣ ሒሳብ ክፍል ወሰዱኝ፤ ጆሮዬ ሥራ ፈታ፤
ደረሰኝ ስቆርጥ ኖርኩ እስከ ጡረታ።

ሉባባ እጇን አነሣች፦ «ይስሙ።»
ከዋንዛው ውስጥ አንድ ጥሪ፣ ሦስቴ፣ ጥርት ያለ።
«ጥቁርና ነጭ ነው፤ ይደበቃል እንጂ አይታይም እሱ» አለች።
«እሱ አይደለም» አልኳት፤ «መስመሩ ላይ ሁለት ሰው አለ።
ሁለቴ የሚጠራው አንዱ ነው፤ ሦስተኛዋ ሌላ ነች፤
ትንፋሿን ስሚው።»

ቆመን ሰማን። ደግመው ጠሩ።
ትንኝ ፊቴን በላኝ፤ አልነካሁትም።

«እኔ ይህን ለማወቅ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ» አለችኝ፤
ትንሽም የተቀየመች መሰለችኝ፤
ቀጥላ ግን መነጽሩን ካንገቴ አወለቀችልኝ።

ስማቸውን ጠየቅኋት። «መጽሐፉ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው፣ ምላስ ይጠመዝዛል፤
አባቴ ግን ‹አቤት ወዴት› ይላቸዋል፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይታዘዛል።»

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክንዷን ይዤ ዞርኩ ዳር ዳሩን፤
አንዱ እንደ ጎረቤቴ በር ሲጢጥ ሲል፣ አንዱ ሲማታ ከበሮውን፤
ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፣ ይባላል፤
አንዲት ግን አለች፣ ድምፅ የላት፤ እግሯ ብቻ ውሃ ውስጥ ይሰማል።
«ከሩቅ አገር ነው የመጣችው» አለች ሉባባ፤
ቋንቋ እንዳልገባው እንግዳ አንገቷን ደፍታ፣ ጭቃውን ስትወጋ፣ ስታግባባ።

ማታ ልጄ ደወለች። «እሺ፣ ወፍ አየሽ?»
«አላየሁም» አልኳት፤ «አሥራ አንድ ሰማሁ። አንቺስ እንዴት ነሽ?»
«ደህና ነኝ።»
ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግሁት።
«እስኪ» አልኳት፣ «ድገሚልኝ።»